ከመሬት በታች ያለ አየር፦ የባቡር ጣቢያ ሻጋታና የደሴ ምድር ቤቶች

የጦሳ ልጅ

ሰላም የደሴና የኮምቦልቻ ሰዎች። ሥራዬ ላቦራቶሪ ነው። ፈንገስ ማብቀልና መለየት የዕለት ተዕለት ሥራዬ ነው። ሰሞኑን ስለ ምድር ውስጥ ባቡር ጣቢያዎች አየር የተጻፉ ጥናቶችን እያነበብኩ ነበር። ካነበብኩት ውስጥ እኛንም የሚነካ ነገር አገኘሁና ይህን ክር ከፈትኩ።

«እኛ ጋ ምን የምድር ውስጥ ባቡር አለና?» ትሉ ይሆናል። እውነት ነው፣ የለም። የአዲስ አበባው ቀላል ባቡር ምኒልክ አደባባይ አካባቢ ከመሬት በታች ይገባል፤ በእኛ በኩል ያለው የኮምቦልቻው መስመር ግን ጣቢያው ሜዳ ላይ ነው። ከመሬት በታች ውሎ የሚገባ ሰው ግን ደሴ ውስጥ ሞልቷል። ከተማችን ተዳፋት ላይ ናት። በመንገድ በኩል ሲያዩት ደጃፉ ከመሬት እኩል የሆነ ቤት በጀርባው ተራራው ውስጥ ተቀብሮ ታገኙታላችሁ። ፒያሳ፣ ሸዋ በር፣ ሰኞ ገበያ ሂዱ። ምድር ቤት ውስጥ ልብስ ይሰፋል፣ ስልክ ይጠገናል፣ ፎቶ ኮፒ ይነሳል፣ ቡና ይፈላል። የእነዚህ ቤቶች አየርና የባቡር ጣቢያው አየር ጠባይ ይቀራረባል። ፀሐይ አይገባም። ግድግዳው ከጀርባው አፈር አለው። አየር የሚገባውም የሚወጣውም በጥቂት ቀዳዳ ነው።

በጣቢያዎቹ አየር ውስጥ ደጋግመው የሚገኙት ፈንገሶች ክላዶስፖሪየም፣ ፔኒሲሊየም፣ አስፐርጊለስና አልተርናሪያ ናቸው። ስማቸው ያስፈራል እንጂ ለእኛ እንግዳ አይደሉም። ከቅጠል፣ ከጭድ፣ ከእህል ጎተራ፣ ከፍግ ይነሳሉ። የሰነበተ እንጀራ ላይ የምናየው ሻጋታም ከነዚሁ ወገን ነው። እኔን ያስገረመኝ ሌላ ነው። በ2013 እ.ኤ.አ. ስለ ኒው ዮርክ ምድር ውስጥ ባቡር የወጣ ጥናት፣ የጣቢያው አየር ከላይ ካለው ጎዳና አየር ጋር በጣም እንደሚመሳሰል አሳይቷል። ማለትም ስፖሩ፣ ፈንገስ የሚራባበት በዓይን የማይታይ ዘር መሰል ብናኝ፣ በአብዛኛው ከውጭ ነው የሚገባው።

ስለዚህ «ቤቴ ውስጥ ስፖር አለ ወይ?» ብሎ መጠየቅ ብዙም አይጠቅምም። በሁሉም ቤት አለ። መጠየቅ ያለበት «ከውጭው ይበልጣል ወይ? ዓይነቱስ ይለያል ወይ?» ነው። ከበለጠ ወይም ከተለየ፣ እዚያው ውስጥ የሚበቅል ነገር አለ ማለት ነው። የሚበቅለው ደግሞ ውሃ ሲያገኝ ነው።

ምድር ቤት ውስጥ የምትሠሩ፣ እስኪ ያላችሁበትን ሁኔታ ንገሩኝ። ክረምት ላይ ግድግዳው ምን ይመስላል?

ፒያሳ ስፌት

ወንድሜ፣ ይህን በማንሳትህ እግዜር ይስጥህ። እኔ ምድር ቤት ውስጥ ልብስ ስፌት አለኝ። ከማሽኔ ጀርባ ያለው ግድግዳ እስከ ወገቤ ድረስ ነጭ ዱቄት ያወጣል። በእጄ ስነካው ይረግፋል። ጨርቅ ደራርቤ በማስቀምጥበት ጥግ ደግሞ ጥቁር ነጠብጣብ አለ። ሽታው ከጨርቁ አይለቅም። ባለፈው አንዲት ደንበኛዬ የልጇን ቀሚስ ስትረከበኝ ወደ አፍንጫዋ አስጠግታ መለሰችልኝ። በጣም አፈርኩ።

አከራዬ ለእንቁጣጣሽ ቀለም ያስቀባል። ለገና ተላልጦ ይወድቃል። ሳልም አለብኝ፣ ጉንፋን ነው ብዬ ተውኩት። ግን አንድ ነገር አስተውያለሁ። ቤተሰብ ጋ ገጠር ስሄድ ይተወኛል። ሱቁን ስከፍት ይመለሳል።

ሐረጎ

እኔ ነገሩን ማጣጣሌ አይደለም፣ ግን ቅደም ተከተል ይኑረን። ከኮምቦልቻ የሐረጎን ዳገት የሚወጣው ከባድ መኪና ሁሉ ጥቁር ጭሱን እኛ ላይ ይለቃል። ሰው በር ዘግቶ ከሰል እያነደደ ይሞቃል። በዚህ መሀል ስለማይታይ ስፖር ማውራት ቅንጦት አይሆንም? የኒው ዮርክና የለንደን ሰው ሌላውን ችግር ስለጨረሰ ነው ወደ ሻጋታ የዞረው።

ሸዋ በር ለንደን

ሐረጎ ወንድሜ፣ የለንደን ሰው ሌላውን አልጨረሰም። እኔ ሸዋ በር ተወልጄ እዚህ ለንደን የምኖር ነኝ። ሥራ የምሄደው በቪክቶሪያ መስመር ነው። መስመሩ ሙሉ በሙሉ ከመሬት በታች ነው። ማታ ቤት ገብቼ አፍንጫዬን ስናፈጥ መሀረቡ ይጠቁራል።

የለንደን ምድር ውስጥ ባቡር ሥራ የጀመረው በ1863 እ.ኤ.አ. ነው። ያን ጊዜ የሚጎትተው በእንፋሎት ነበር፤ የድንጋይ ከሰል ጭስ ዋሻ ውስጥ አስቡት። አሁን በኤሌክትሪክ ነው የሚሄደው፣ ጭስ የለም። አቧራው ግን አለ። መንኮራኩሩ ከሐዲዱ ጋር፣ ፍሬኑ ከመንኮራኩሩ ጋር ሲፋተግ የብረት ብናኝ ይወጣል። የጣቢያው አቧራ ዋናው ነገር ብረት ነው። ባቡር ሊደርስ ሲል ነፋሱ ቀድሞ ይመጣል፤ ዋሻው እንደ ሲሪንጅ ነው፣ ባቡሩ አየሩን ከፊቱ እየገፋ ከኋላው ይስባል። አየር የሚቀያየረው በዚያ ነው። ግን ወለል ላይ የተኛውንም አቧራ ያንኑ ያህል ያስነሳዋል።

ሴኡል ውስጥ በመጠበቂያውና በሐዲዱ መሀል የመስታወት በር አቁመዋል። የተሠራው ሰው ሐዲድ ላይ እንዳይወድቅ ነው፤ ግን የዋሻው አቧራ ወደ ሰዉ እንዳይመጣም ረድቷል። አፍሪካ ውስጥ የመጀመሪያው የካይሮው ነው፣ በ1987 እ.ኤ.አ. ተከፈተ። አገራችን አንድ ቀን ረጅም የምድር ውስጥ መስመር ትሠራለች ብዬ አምናለሁ። ያኔ አየሩ ከንድፉ ጀምሮ ቢታሰብበት ደስ ይለኛል።

የጦሳ ልጅ

ሸዋ በር፣ አመሰግናለሁ። የብረት ብናኝና ፈንገስ መለየት አለባቸው። የብረቱ ብናኝ የሚመጣው ከባቡሩ ነው። የደሴ ምድር ቤት ውስጥ ባቡር ስለሌለ ይህ አይነካንም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 እ.ኤ.አ. ለደቃቅ ብናኝ ያወጣው የዓመት አማካይ ወሰን በአንድ ሜትር ኩብ አየር 5 ማይክሮግራም ነው። ለፈንገስ ስፖር ግን እንዲህ ያለ ቁጥር አላወጣም። በ2009 እ.ኤ.አ. ስለ ቤት ውስጥ እርጥበትና ሻጋታ ባወጣው መመሪያ ያለው፣ እርጥበቱን ከልክሉ፣ ሻጋታው እንዳይበቅል አድርጉ ነው። አንድ ሰው «ቤትህ ውስጥ ይህን ያህል ስፖር አለ፣ ከወሰን አልፏል» ብሎ ማሽን ሊሸጥላችሁ ቢመጣ፣ የማን ወሰን እንደሆነ ጠይቁት።

ሐረጎ፣ ስለ ከሰሉ ልክ ነህ፤ ከሻጋታም የሚቀድም ነው። ከከሰል የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም። ሻጋታ በወራት ነው የሚጎዳ፣ ይሄ ግን በደቂቃዎች ወይም በሰዓታት ይገድላል። ምድር ቤት ውስጥ በር ዘግቶ ከሰል ማንደድ ፈጽሞ አይደረግም። ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ማቅለሽለሽ ከመጣ ወዲያው ወደ ውጭ መውጣት ነው። ግን ሁለቱን ነገሮች የሚያገናኛቸው አንድ ነው፣ አየሩ አይወጣም። ለጭሱ መውጫ የሠራ ሰው ለእርጥበቱም ሠራ ማለት ነው።

ቦርከና ሲቪል

እኔ ኮምቦልቻ ነው ያለሁት፣ ሥራዬ ግንባታ ነው። ለእህታችን ለስፌቷ ልመልስ።

ነጩ ዱቄት ሻጋታ ላይሆን ይችላል። ከአፈሩ የሚመጣ ውሃ በግድግዳው ውስጥ ሲያልፍ ጨው ይዞ ይወጣል። ውሃው ይተናል፣ ጨው ላዩ ላይ ይቀራል። መለየት ቀላል ነው። ትንሽ ዱቄት ማንኪያ ላይ አድርጊና ውሃ ጠብ አድርጊበት። ከሟሟ ጨው ነው። ሻጋታ አይሟሟም። ግን ጨው ነው ብለሽ ደስ አይበልሽ። ውሃ ግድግዳውን አቋርጦ እየገባ እንደሆነ እሱ ራሱ ማስረጃ ነው።

ሁለተኛ፣ የላስቲክ ሙከራ አድርጊ። ክንድ የሚያህል ላስቲክ ግድግዳው ላይ አራቱንም ጠርዝ በፕላስተር ለጥፊው። ሁለት ቀን ተይው። ከላስቲኩ ጀርባ፣ በግድግዳው በኩል ካላበ ውሃው ከአፈሩ ነው የሚመጣው። በክፍሉ በኩል ካላበ ደግሞ ከቤቱ አየር ነው፤ የጀበና እንፋሎት፣ የካውያ እንፋሎት፣ የሰው ትንፋሽ ቀዝቃዛ ግድግዳ ላይ ውሃ ሆኖ ነው። መድኃኒታቸው የተለያየ ነው።

ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፣ ኮምቦልቻ 1,850 ገደማ። ልዩነቱ ግድግዳ ላይ ይታያል። እኛ ጋ ታች ፀሐዩ ያደርቃል። ደሴ ግን ክረምት ላይ ጭጋጉ እስከ ረፋድ አይነሳም፣ ግድግዳው ሳይደርቅ ሌላ ዝናብ ይመጣል። ከተራራው ሥር ደግሞ የትም ብትቆፍር ውሃ ነው። ከጦሳ ተራራ ወደ ታች የሚሰርገው ውሃ መንገዱ ላይ ቤት ሲያገኝ ግድግዳውን ይገፋል።

የባቡር ዋሻ ሥራ ውስጥ ይህ ትልቁ ራስ ምታት ነው። ከአዋሽ በኮምቦልቻ አድርጎ ወደ ሐራ ገበያ በተዘረጋው መስመር ላይ ዋሻዎች አሉ። ዋሻ ሲሠራ ውሃውን ፊት ለፊት ገድቦ ማቆም ብቻ አይበቃም። ከኮንክሪቱ ጀርባ ውሃ የማያሳልፍ ሽፋን ይነጠፋል፣ ውሃው በጎን ወደ ቦይ እንዲወርድ ይደረጋል። ለውሃ መሄጃ ካልሰጠኸው ራሱ ይፈልጋል። ምድር ቤት ላይ ይህን የሚያደርግ ባለቤት ግን ጥቂት ነው። ከውስጥ በስሚንቶ ይለስኑታል፣ ቀለም ይቀቡታል፣ ውሃው ከኋላ ይገፋውና ይጥለዋል። የቀለሙ ጥራት አይደለም ችግሩ።

ነጭ ጋውን

በጤና ሙያ ደሴ ውስጥ እሠራለሁ። አንድ ነገር ልጨምር፣ ግን ማንም እንዳይደነግጥ።

ጤነኛ ሰው በየቀኑ የፈንገስ ስፖር ይተነፍሳል፣ ሳንባው ያጸዳዋል። ለይተን የምንፈራው አስፐርጊለስ ፉሚጋተስ የሚባለውን ነው። ስፖሩ ከ2 እስከ 3 ማይክሮሜትር ነው። በጣም ደቃቅ ስለሆነ አፍንጫና ጉሮሮ ላይ ሳይቀር ወደ ሳንባ ጥልቅ ክፍል ይደርሳል። በ37 ዲግሪ፣ በሰው ገላ ሙቀት ማለት ነው፣ በደንብ ያድጋል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2022 እ.ኤ.አ. አሳሳቢ የሆኑ 19 ፈንገሶችን ዝርዝር ሲያወጣ ይህኛው ከመጀመሪያው ረድፍ ነው የተቀመጠው።

ለእኛ አገር የሚያሳስበው የቲቢ ጉዳይ ነው። ቲቢ ታክሞ የዳነ ሰው ሳንባው ላይ ባዶ ጉድጓድ ሊቀርበት ይችላል። ፈንገሱ እዚያ ጉድጓድ ውስጥ ይሰፍራል። ከዓመታት በኋላ ሳል፣ ክብደት መቀነስ፣ አንዳንዴም ደም መትፋት ይመጣል። ምልክቱ ልክ ቲቢ ነው። ሰውዬው «ቲቢዬ ተመለሰ» ይላል። አክታው በቲቢ መመርመሪያው ማሽን፣ በጂን ኤክስፐርት፣ ሲታይ ቲቢ አይገኝም። እንዲህ ያለ ሰው ካለ ሐኪሙ ፈንገስንም እንዲያስብ «ቀድሞ ቲቢ ታክሜያለሁ» ብሎ መናገር አለበት። አስም ላለበት ሰውም ሻጋታ ያለበት ቤት አይስማማውም፤ ስፖሩ ሞቶም ቢሆን አለርጂ ይቀሰቅሳል።

ፒያሳ ስፌት፣ እህቴ፣ ገጠር ስትሄጂ የሚተው ሳል ለሐኪም የሚነገር ነገር ነው። ልክ እዚህ እንደጻፍሽው ንገሪያቸው። የት ይብስሻል፣ መቼ ይሻልሻል፣ እሱ ከብዙ ምርመራ ይበልጣል። ሁለት ሳምንት ያለፈው ሳል ከሆነ ደግሞ የቲቢ ምርመራውንም አትዝለይው።

ፒያሳ ስፌት

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ያላችሁትን ሠራሁ። ነጩ ዱቄት ማንኪያው ላይ ሟሟ። ላስቲኩ ደግሞ በግድግዳው በኩል ጠብታ አዝሎ አገኘሁት። ሲነቀል እጄ ላይ ፈሰሰ። በክፍሉ በኩል ደረቅ ነው። ጥቁሩ ነጠብጣብ ግን በውሃም አልሟሟ። ሐኪም ጋ ሰኞ እሄዳለሁ።

አሁን ጥቁሩን በበረኪና ልጥረገው? ጎረቤቴ በረኪናና የሽንት ቤት ማጽጃ አሲድ ቀላቅዪ ትለኛለች።

የጦሳ ልጅ

በፍጹም! በረኪናና አሲድ ሲቀላቀሉ የክሎሪን ጋዝ ይወጣል። ምድር ቤት ውስጥ ደግሞ መሄጃ የለውም። እባክሽ ለጎረቤትሽም ንገሪያት።

በረኪና ብቻውንም ቢሆን ለሰድርና ለመስታወት ነው የሚሠራ። ልስን ውስጥ ሥር የሰደደውን አያገኘውም። ላዩን ያነጣዋል፣ እርጥበቱ እስካለ ድረስ ሻጋታው ይመለሳል። ትንሽ ቦታ ከሆነ በሳሙናና በውሃ እርጥብ አድርገሽ ጥረጊው። በደረቁ አትፈቅፍቂው፣ በደረቅ መጥረጊያም አትጥረጊ፣ ያኔ ነው ስፖሩ ሁሉ አየር ላይ የሚወጣው። በሩ ክፍት ይሁን። ጭንብል ካገኘሽ ኤን 95 የሚባለውን አድርጊ፣ የጨርቁ አይበቃም። ጥረጊውን ሳል የሌለበት ሰው ቢያግዝሽ ይሻላል። ልስኑ ቦክቡኮ ከሆነ ግን ተፈንቅሎ መውጣት አለበት።

ጨርቁን ደግሞ ከግድግዳው አርቂው። ቢያንስ አንድ ስንዝር። ከደረደርሽው ጨርቅ ጀርባ አየር ስለማያልፍ ነው ጥቁሩ እዚያ ጥግ ላይ የበረታው።

ቦርከና ሲቪል

ልጨምርበት። የላስቲኩ ውጤት ነገሩን ጨርሶታል። ውሃው ከአፈሩ ነው። ከውስጥ የሚሠራ ማንኛውም ነገር ጊዜያዊ ነው። መፍትሔው ከቤቱ በላይ በኩል ነው፣ በተራራው ወገን። ከግድግዳው ጀርባ ከምድር ቤቱ ወለል ዝቅ ያለ፣ ከመሠረቱ ግርጌ ግን የማያልፍ ቦይ ይቆፈራል፣ ጠጠር ይሞላል፣ ቀዳዳ ያለው ቱቦ ይቀበራል፣ ውሃው ወደ መንገዱ ፍሳሽ ይወሰዳል። ከዚያ በፊት ግን ጣሪያውን እዩ። ከአሸንዳው የሚወርደው ውሃ ግድግዳው ሥር የሚያርፍ ከሆነ፣ አንድ ቱቦ ገዝቶ ማራቅ ብቻውን ትልቅ ለውጥ ያመጣል። ይህ ከቀለሙ ይረክሳል።

ጊዜውንም አስቡበት። በክረምት አፈሩ ስለሚናድ አይቆፈርም። እኛ ጋ በልግም ስላለ አመቺው ከጥቅምት እስከ ጥር ነው። ዳገት ላይ ያለ ቤት ሲቆፈር ደግሞ አንዱን ክፍል ቆፍሮ፣ ሞልቶ፣ ከዚያ ወደሚቀጥለው ነው። አንድ ጊዜ ሙሉውን ከከፈትከው ቤቱም ይንሸራተታል። ደሴ ውስጥ መሬት መንሸራተት ምን እንደሚያደርግ ሁላችንም እናውቃለን። ባለሙያ ሳያይ እንዳይነካ።

ሐረጎ

እሺ፣ ገባኝ። የቦዩ ነገር ለእኛም ቤት ይሆናል። አንድ ጥያቄ ግን አለኝ። እኛ ያለንበት ሕንፃ ምድር ቤት ላይ ፋን ተገጥሟል። መብራት ሲጠፋ ደግሞ ደረጃው ሥር ጄኔሬተር ይነሳል። ፋኑ የሚስበው ከዚያው ከደረጃው በኩል ነው። ይሄ ምን ይባላል?

ቦርከና ሲቪል

ጭሱን ወደ ሱቃችሁ እየሳበ ነው ይባላል። ዛሬውኑ ጄኔሬተሩ ወደ ውጭ ይውጣ፣ ከመስኮትና ከበር ይራቅ። ፋን መግጠም ብቻ አይበቃም። አየሩ ከየት ገብቶ በየት እንደሚወጣ መታወቅ አለበት። ንጹሕ አየር ከሚገኝበት በኩል ዝቅ ብሎ መግቢያ፣ በተቃራኒው ግድግዳ ከፍ ብሎ መውጫ። መግቢያና መውጫው ጎን ለጎን ከሆኑ ያው አየር እዚያው ይዞራል፣ ጥጉ አይነካም።

ፎቶ ኮፒ አራዳ

እኔም ምድር ቤት ውስጥ ነኝ። የጦሳ ልጅ፣ እናንተ ላቦራቶሪ ውስጥ ፈንገስ የምታበቅሉበትን ሳህን ገዝቼ በራሴ መሞከር እችላለሁ? ማወቅ እፈልጋለሁ።

የጦሳ ልጅ

ባትሞክረው ይሻላል። ምክንያቱን ልንገርህ።

ሳህኑ ውስጥ አጋር በሚባል ነገር የረጋ የፈንገስ ምግብ አለ። ክዳኑን ከፍተህ አንድ ሰዓት ታስቀምጠዋለህ፣ ከዚያ ዘግተህ 25 ዲግሪ አካባቢ ለቀናት ታቆየዋለህ። በሦስተኛው ቀን ገደማ ነጭ ጸጉር ብቅ ይላል። ከዚያ ቀለም ያወጣል። ፔኒሲሊየም ዳሩ ነጭ ሆኖ መሀሉ ሰማያዊ አረንጓዴ ይሆናል። ክላዶስፖሪየም የወይራ ቀለም ይዞ እየጠቆረ ይሄዳል፣ ከሥር ሲገለበጥ ጥቁር ነው። አስፐርጊለስ ኒጀር በላዩ ጥቁር ብናኝ ያወጣል። ያን ጊዜ አንድ ሳህን ላይ የሚገኘው ስፖር ግድግዳህ ላይ ካለው ሊበልጥ ይችላል። ቤት ውስጥ ክዳኑን ብትከፍተው ወደ ፊትህ ነው የሚነሳው። እኛ የምንከፍተው በመከላከያ ሳጥን ውስጥ ነው።

ውጤቱም ቢሆን ጎዶሎ ነው። በራሱ ክብደት የሚወርደው ትልቁ ስፖር ነው። እንደ አስፐርጊለስ ፉሚጋተስ ያለው ደቃቅ አየር ላይ ተንሳፍፎ ይቆያል፣ ሳህኑም ብዙውን አያገኘውም። ለዚህ ነው ጣቢያዎቹን ያጠኑት ሰዎች የተለካ አየር እየሳበ ሳህን ላይ የሚያሳርፍ መሣሪያ የሚጠቀሙት። ያን ጊዜ በአንድ ሜትር ኩብ አየር ስንት ኮሎኒ (ሳህን ላይ በዓይን የሚቆጠር የበቀለ ፈንገስ) እንዳለ መናገር ይቻላል። ከውስጥም ከውጭም በአንድ ሰዓት ካልተወሰደ ደግሞ ማወዳደር አይቻልም። ጠዋት ባቡር ሲበዛና ሌሊት ጣቢያው ሲዘጋ እንኳ ቁጥሩ አንድ አይደለም።

ግድግዳህ ላይ ሻጋታ በዓይንህ ካየህ ወይም ከሸተተህ ደግሞ ምርመራው የሚጨምርልህ ነገር የለም። የየትኛውም ዝርያ ቢሆን ሥራው አንድ ነው። ያን ገንዘብ ለአሸንዳ ቱቦ አውለው።

ፒያሳ ስፌት

አከራዬን ይህን ክር በስልኬ አስነበብኩት። በመጀመሪያ ተቆጣ። ላስቲኩን ሳሳየው ዝም አለ። በየዓመቱ ለቀለም የሚያወጣውን ሲደምረው እሱም ተገረመ። አሸንዳውን በዚህ ሳምንት ሊያዞር ተስማምቷል። ቦዩን ለጥቅምት ብሏል። ቦርከና ወንድሜ፣ መጥተህ ብታይልኝ?

ቦርከና ሲቪል

ቅዳሜ ደሴ እወጣለሁ። ከመምጣቴ በፊት ከግድግዳው ጀርባ ያለው መሬት የማን እንደሆነ አከራይሽን ጠይቂው። የጎረቤት ከሆነ ሳይስማማ አይቆፈርም። አሸንዳው ከዞረ በኋላ ደግሞ ያንኑ ላስቲክ ያንኑ ቦታ ላይ መልሰሽ ለጥፊው። ከጣሪያው የሚመጣው ስንት፣ ከተራራው የሚመጣው ስንት እንደሆነ በዚያ እናያለን።